በሁለት የልፋት ቀናት መካከል



  በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱን ደጋግመን አነበብነው። ደብዳቤው የመጣው የጅቡቲውና የሐረርጌው መንገድ ከሚለያዩባት ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። ጸሐፊዋ የአራት ልጆች እናት የሆኑ እህታችን ናቸው። ጥያቄያቸው የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ሆኖ ስላገኘነው የዚህን ወር ገጽ ሙሉ በሙሉ ሰጥተነዋል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው በዋናው መንገድ ዳር የከባድ መኪና ጎማ የሚጠግኑ ጎሚስታ ናቸው፤ ዕድሜያቸው 44 ዓመት ነው። ባለፈው ዓመት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ በመገኘቱ ሐኪም ክኒን አዘዘላቸው፤ ጨው እንዲቀንሱና ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱም መከራቸው። እርሳቸውም ምክሩን በቁም ነገር ተቀብለው ከ17 ዓመት ወንድ ልጃቸው ጋር ከፈጅር ሶላት በኋላ መሮጥ ጀመሩ። አንድም ቀን ሳያርፉ፣ ልጁ በሚሮጠው ልክ በየቀኑ ሮጡ። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ የሚል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጭናቸው ተሳስሮ ለሩኩዕ ማጎንበስና ከሱጁድ መነሣት እንኳ አስቸገራቸው። በሦስተኛው ሳምንት ጉልበታቸው አበጠና አልጋ ላይ ዋሉ። አራት ቀን ተኝተው ሲሻላቸው እንደገና በሙሉ ኃይላቸው ሮጡ፤ እንደገናም ወደቁ። አሁን ሩጫውን ጭራሽ ትተውታል።

እህታችንን ያስጨነቃቸው ግን ከዚህ የባሰ ነው። ባለቤታቸው ተስፋ ቆርጠው፣ ስፖርቱ ካልሆነልኝ ክኒኑስ ምን ሊፈይድልኝ ነው ማለት ጀምረዋል። ደብዳቤያቸውን የሚደመድሙት በዚህ ጥያቄ ነው፦ ልጄ ያረፈ ብረት ይዝጋል ይላል፤ አባቱ ደግሞ ያረፈ ሰው ይድናል ብሎ ቀኑን ሙሉ ይተኛል፤ ለመሆኑ ማንኛቸው ናቸው ልክ?

እህታችን ሆይ፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ልጁ ሰውነት መንቀሳቀስ እንዳለበት አውቋል፤ አባትየው ደግሞ ሰውነት ዕረፍት እንደሚሻ ተረድተዋል። ሁለቱም ያልያዙት አንድ ነገር ቢኖር በልፋት ቀንና በልፋት ቀን መካከል የሚገባው የቀላል እንቅስቃሴ ቀን ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ «የማፍታቻ ቀን» እንለዋለን። የማፍታቻ ቀን ሰው ሲደክመው የሚወስደው ፈቃድ አይደለም። ገና ስፖርት ሲጀመር አብሮ የሚታቀድ የስፖርቱ አካል ነው።

ሰውነት የሚጠነክረው መቼ ነው?

ብዙዎቻችን ሰውነታችን የሚጠነክረው በምንሮጥበት ወይም ክብደት በምናነሣበት ሰዓት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በልፋቱ ሰዓት ሰውነት ወጪ ላይ ነው። በጡንቻ ውስጥ የተከማቸውን ስንቅ ያቃጥላል፤ በላብ ውኃና ጨው ያፈሳል፤ የጡንቻ ክሮችም በዓይን በማይታይ መጠን ይጎዳሉ። ጥገናው የሚከናወነው ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት ነው። የተጎዳው ክር ሲጠገን ከቀድሞው ጥቂት በርትቶ ይነሣል። ያለቀውን ስንቅ መልሶ ለመሙላት ደግሞ እንደ ልፋቱ ክብደትና እንደ ምግቡ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይወስዳል።

ያልለመድነውን እንቅስቃሴ ስንሠራ የሚሰማን የጡንቻ መተሳሰርም የሚከፋው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ሕመም በጡንቻ ውስጥ በተጠራቀመ አሲድ ያመካኛሉ። ነገር ግን ላክቲክ አሲድ የሚባለው ልፋቱ ከቆመ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠረጋል። በማግስቱ የሚያመን ከጡንቻው ጉዳትና ከጥገናው ጋር የተያያዘ ነገር ነው።

ጎሚስታው ወንድማችን ይህን ከማናችንም በተሻለ ያውቁታል። የተበሳ ጎማ ተለጥፎ ማጣበቂያው ሳይዝ አየር ተሞልቶና ጭነት ተጭኖበት ወደ ጅቡቲ ቢላክ የት ይደርሳል? ለጎማው የሚሰጡትን ጊዜ ለገዛ ጉልበታቸው ነፈጉት ማለት ነው።

ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ስፖርት ስንጀምር ትንፋሻችን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻሻላል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶች ግን የደም አቅርቦታቸው አነስተኛ ስለሆነ ለአዲስ ሸክም ለመጠንከር ወራት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ትንፋሻችን «ቀጥል» ሲለን ጉልበታችን «ቆይ» ይላል። የትንፋሹን ብቻ የሰማ ሰው ልክ እንደ ወንድማችን ይወድቃል። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ የዕቅድ ጉድለት ነው።

ተኝቶ ማረፍ ወይስ ተንቀሳቅሶ ማረፍ?

የቀድሞዎቹን ጀግኖቻችንን ታሪክ የምታውቁ ሁሉ የቶኪዮውን ትዕይንት ትዘነጉታላችሁ ብለን አንገምትም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) አበበ ቢቂላ የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጸመ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ 40 ቀን አልሞላውም ነበር። ተከታዩን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ወደ ስታዲየሙ ከገባ በኋላ ግን ተዘርሮ አልቀረም። ወደ ሣሩ ወርዶ እጁንና እግሩን ያፍታታ፣ ይሳሳብ ጀመር። ተመልካቹ ይህን ሲያይ የጉልበቱ ትርፍ መስሎት ተደነቀ። እኛ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ያ ሰው 42 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ ሰውነቱን በድንገት አላቆመም፤ ቀስ እያለ አሳረፈው።

ዛሬም በእንጦጦና በሱሉልታ ጫካ የሚለማመዱ ሯጮቻችንን ያየ ሰው ይህንኑ ያስተውላል። ከባድ ልምምድ ባለፈ ማግስት ተከታትለው፣ በዛፎች መካከል እየተጠማዘዙ፣ በጣም ዝግ ባለ ሶምሶማ ይሄዳሉ። በዓለም ላይ ፈጣን የሆኑት ሰዎች ቀርፋፋ መሆን ያለባቸውን ቀን ያውቁታል። በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የነበረው ቢል ባወርማንም ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ተማሪዎቹን በአንድ ከባድና በአንድ ቀላል ቀን እያፈራረቀ በማሠልጠን ይታወቃል።

ቀላል እንቅስቃሴ ለምን ይጠቅማል? የደም ዝውውርን ያነቃቃል፤ የተሳሰረውን መገጣጠሚያ ያላላል፤ ከሁሉም በላይ ልማዱ እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ነገሩን ማጋነን ግን አንፈልግም። የማፍታቻ ቀን የጡንቻን ሕመም በአንድ ጊዜ አያጠፋም፤ በዚያ ረገድ ጥቅሙ መጠነኛ ነው። እንቅልፍና በቂ ምግብ ከእርሱ ይበልጣሉ።

የደም ግፊት ላለበት ሰው ግን ተጨማሪና ትልቅ ጥቅም አለው። አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል በእግሩ ከተጓዘ በኋላ የደም ግፊቱ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ድረስ ዝቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል። በመደበኛነት በሚንቀሳቀሱ የደም ግፊት ሕሙማን ላይ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ያህል እንደሚቀንስ ይታወቃል። እንግዲህ ሦስት ቀን በኃይል ሮጦ አራት ቀን የሚተኛ ሰው ይህን ጥቅም በተኛባቸው ቀናት ያጣዋል። በማፍታቻ ቀን ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ግን ያተርፈዋል። ለወንድማችን ይህ ቀን ከዕረፍትም በላይ የሕክምናው አንዱ ክፍል ነው የምንለው ለዚህ ነው።

የሲፋን ነገር

እህታችን እንደጻፉልን ልጃቸው የሲፋን ሐሰንን ስም እየጠራ ይከራከራል። እውነትም ነው፤ አዳማ የተወለደችው ሲፋን ለሆላንድ ተሰልፋ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ያደረገችው የሚያስገርም ነው። ሐምሌ 29 ቀን በ5,000 ሜትር፣ ነሐሴ 3 ቀን በ10,000 ሜትር ነሐስ ወሰደች። ነሐሴ 5 ቀን ጧት ደግሞ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አሸንፋ፣ የኛዋን ትዕግስት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ ወርቅ አጠለቀች። የ5,000 ሜትሩን ማጣሪያ ጨምሮ በውድድር ብቻ ከ62 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጣለች።

ልጃችን ግን ሁለት ነገር ይመልከት። አንደኛ፣ ከ5,000ው ፍጻሜ እስከ 10,000ው ድረስ ሦስት ሙሉ ቀናት አሉ። ሁለተኛና ዋናው፣ ያ የአንድ ሳምንት ውድድር የብዙ ዓመታት ልምምድ መደምደሚያ እንጂ የዘወትር የልምምድ ሳምንት አልነበረም። ሠርግ በየሳምንቱ አይደገስም።

በልጁ ዕድሜ በየቀኑ መንቀሳቀስ ተገቢ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይመክራል። ነገር ግን በኃይል የሚሠራውን ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን አለ እንጂ ሰባቱንም ቀን አላለም። በማደግ ላይ ያለ አጥንት ያለ ዕረፍት ሲደበደብ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ የማፍታቻ ቀን ለአባት ብቻ ሳይሆን ለልጅም ነው።

ቀላል ማለት ምን ያህል ነው?

ይህን ስፖርት የሚያበላሸው ትልቁ ስሕተት ቀላሉን ቀን ሳይታወቅ ከባድ ማድረግ ነው። እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም። በዝግጅት ክፍላችን ጧት ጧት አብረን እንሂድ ብለን ጀምረን፣ «ዛሬ ቀለል እናድርግ» ባልንበት ቀን እንኳ አንዳችን ሌላውን እየቀደምን ወር ሳይሞላ ሁላችንም ተበትነናል።

ለመሆኑ መለኪያው ምንድን ነው? ሰዓትና መሣሪያ አያስፈልግም። የአፋር ወንድሞቻችን መንገድ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ከየት እንደመጡ፣ በመንገዳቸው ምን እንዳዩና ምን እንደሰሙ፣ የግጦሹንና የውኃውን ሁኔታ አንዱ ሲናገር ሌላው በጥሞና ያዳምጣል። የማፍታቻ ቀን እርምጃ ማለት እየተጓዙ ዳጉ ማድረስ የሚያስችል እርምጃ ነው። ወሬውን ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳያቆራርጡ መናገር ከቻሉ ልክ ነዎት። በሦስት ቃል መካከል ትንፋሽ የሚስቡ ከሆነ ቀኑ ማፍታቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ዝግ ይበሉ።

በዚያ ቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መራመድ ይበቃል። ሲጨርሱ የባትን፣ የጭንና የወገብን ጡንቻ እያንዳንዱን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያህል ሳይነጥሩና ሳያሳምሙ መሳሳብ መልካም ነው። ተጉዘው ሲመለሱ ሲወጡ ከነበረዎት የበለጠ ብርታት ሊሰማዎት ይገባል። ከደከመዎት አበዝተዋል።

ሳምንቱን ማደላደል

አሁን ወደ ዕቅዱ እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ሰውነት ስፖርትንና ሥራን ለያይቶ አይቆጥርም። ቀኑን ሙሉ የከባድ መኪና ጎማ ሲፈታ፣ ሲያገላብጥና ሲያነሣ የዋለ ሰው ያን ቀን የጉልበት ስፖርት ሠርቷል። በማግስቱ ጧት በኃይል ቢሮጥ ሁለት የልፋት ቀን አጋጠመ ማለት ነው። ስለዚህ ዕቅድ የሚጀምረው ስፖርቱን ከመደርደር ሳይሆን የሳምንቱን ሥራ፣ ጾምና የቤተሰብ ጉዳይ ከመደርደር ነው። ክፍቱ ቦታ የሚታየው ያኔ ነው።

ወንድማችን ሰኞን እንደሚጾሙና ዓርብ ሥራ እንደሚቀንሱ ከደብዳቤው ተረድተናል። ጉልበታቸው በሐኪም ታይቶ እብጠቱ ከጠፋ በኋላ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

ቅዳሜ፦ የልፋት ቀን። 5 ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድ፤ ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ 2 ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ 20 ደቂቃ፤ በመጨረሻ 5 ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድ።

እሑድ፦ የማፍታቻ ቀን። ዳጉ እያደረሱ 30 ደቂቃ የእግር ጉዞ።

ሰኞ፦ የጾም ቀን ስለሆነ የተለየ ስፖርት አይኑር። ከፊጥር በኋላ 10 ደቂቃ መሳሳብ ይበቃል።

ማክሰኞ፦ የጉልበት ቀን። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት፣ በጣት መቆም፤ እያንዳንዱን 10 ጊዜ በሁለት ዙር። ትንፋሽ አምቆ መግፋት ግፊትን ስለሚያሻቅብ ሲገፉ አየር ያስወጡ። ጎማ ሲያነሡም ይኸው ነው። በዕለቱ የጋራዡ ሥራ ከባድ ከነበረ ይህን መተው ይቻላል፤ ተሠርቷልና።

ረቡዕ፦ የማፍታቻ ቀን። 30 ደቂቃ የእግር ጉዞ።

ሐሙስ፦ የልፋት ቀን። እንደ ቅዳሜው።

ዓርብ፦ ሙሉ ዕረፍት። ጁሙዓ፣ ቤተሰብና ዘመድ ጥየቃ።

ሰኞና ሐሙስን ሁለቱንም የሚጾም ሰው የሐሙሱን የልፋት ቀን ጭራሽ ይተወው፤ ቅዳሜና ማክሰኞ ይበቁታል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከላይ ያለው ዕቅድ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር የተጠጋ ነው፤ ወደ መስጊድ በፍጥነት የሚሄዱበት እግር የቀረውን ይሞላዋል። ሶላት ዒባዳ እንጂ ስፖርት አይደለም፤ ወደ መስጊድ የሚወስደው መንገድ ግን እግርን ማሠራቱ አይቀርም።

በዚህ አራት ሳምንት ከቆዩ በኋላ በልፋት ቀናት ላይ ብቻ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። የማፍታቻ ቀናትን አይንኳቸው። ደህና እየሄደልዎት ቢሆንም በየአራተኛው ሳምንት ሁሉንም ቀነስ አድርገው ሰውነቱ ጥገናውን እንዲያጠናቅቅ ይተዉት።

በረመዷን ደግሞ ሳምንቱ በሙሉ የማፍታቻ ሳምንት ይሁን። ለፊጥር ጥቂት ሲቀር ወይም ከተራዊሕ በኋላ 20 ደቂቃ መራመድ ልማዱን ያቆየዋል። በአዋሽ ሙቀት እየጾሙ መሮጥን አንመክርም።

የእናትስ ሳምንት?

እህታችን ስለ ባለቤታቸው ጽፈው ስለ ራሳቸው አልጠየቁንም። በደብዳቤያቸው መካከል ግን «እኔም አብሬ ልጀምር ብዬ ጊዜ አጣሁ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። አላለፍናትም።

ውኃ በጀሪካን የምትቀዳ፣ ቅዳሜ የስድስት ሰው ልብስ በእጇ የምታጥብና ሊጥ የምታቦካ እናት የልፋት ቀን አልጎደላትም። የጎደላት የማፍታቻ ቀን ነው። በእነዚህ ሥራዎች ወገብና ትከሻ ይደክማሉ፤ ልብና ሳንባ ግን ያለማቋረጥ የሚሠሩበት ጊዜ አያገኙም። ስለዚህ ለእናት የምንመክረው ተጨማሪ ልፋት ሳይሆን በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ ምንም ሳይሸከሙ በባዶ እጅ 30 ደቂቃ መራመድ ነው። የልብስ አጠባውን ቀን እንደ ልፋት ቀን ቆጥረው በማግስቱ ይራመዱ። ባልና ሚስት የእሑዱንና የረቡዑን የማፍታቻ ጉዞ አብረው ቢያደርጉትስ? ዳጉውም ያኔ እውነተኛ ይሆናል። ለዚያ ግማሽ ሰዓት ትንንሾቹን ልጆች የሚጠብቀው ደግሞ ያው የ17 ዓመቱ ጎረምሳ ነው፤ ለእርሱም የማፍታቻ ቀኑ ነውና።

ሙቀቱና መንገዱ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በሞቃቱ ወራት፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ፣ ቀኑ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። በሙቀት ጊዜ ልብ ሁለት ሥራ ይደራረብባታል፤ ለጡንቻም ደም ትልካለች፣ ሰውነትን ለማቀዝቀዝም ወደ ቆዳ ትልካለች። ስለዚህ በደጋ ቀላል የሆነው እርምጃ በቆላ ከባድ ይሆናል። ከደጋ የመጣ ሰው ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ድረስ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በማፍታቻ እርምጃ ብቻ ይቆይ።

የተሻለው ሰዓት ከፈጅር በኋላ ጎሕ ሲቀድ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ጨለማው ሳይገፍ ከከተማ መውጣት አያስፈልግም። የከባድ መኪናውን አውራ ጎዳና ትታችሁ በአሮጌው የባቡር ጣቢያ አካባቢና በሠፈር ውስጥ ተጓዙ። የግድ በአስፋልት ዳር ከሆነ ግን መኪና ከፊት ለፊት በሚመጣበት በኩል ሆናችሁ ነጣ ያለ ልብስ ልበሱ።

ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ፣ ስትመለሱ ደግሞ ጥማችሁ እስኪቆርጥ ውኃ ጠጡ። ከአንድ ሰዓት ላነሰ እንቅስቃሴ ተራ ውኃ በቂ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ላቤ ወጣ ብሎ ጨው እየበጠበጠ አይጠጣ። ከግፊት ክኒኖች መካከል ሽንት የሚያበዙ አሉ፤ እነዚህን የሚወስድ ሰው በሙቀት ጊዜ ቶሎ ውኃ ሊያንሰው ስለሚችል ሐኪሙን አስቀድሞ ያማክር።

ዕረፍት የሚመስል ዕረፍት ያልሆነ

ስለ ዕረፍት ስናወራ አንድ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ አንባቢያችንን መበደል ይሆንብናል። በዚያ መንገድ ዳር የሚሠራ ብዙ ሰው «ዛሬ አረፍኩ» የሚለው ከቀትር ጀምሮ ጫት ይዞ የተቀመጠበትን ቀን ነው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ምግብን ያስጠላል፤ የሌሊቱን እንቅልፍ ይነጥቃል። እግር ቢያርፍም ልብና ደም ሥር ሲሠሩ ያመሻሉ። ይህን የምንለው ወንድማችንን ልንወቅስ አይደለም፤ ይቅሙ አይቅሙ አልተጻፈልንም። ግን የግፊት ክኒን የሚውጥ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

እውነተኛው ዕረፍት እንቅልፍ ነው። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል። ለፈጅር የሚነሣ ሰው ከዒሻ በኋላ ሳያመሽ መተኛት አለበት፤ ያጎደለውን በቀትር ሙቀት ጊዜ በአጭር ቀይሉላ ይሙላ። ምግቡም ለጥገናው የሚሆን ይሁን፤ ወተት፣ ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ሥጋ ሲገኝም ሥጋ።

ጧት ከመኝታ ሳይነሡ የልብ ምትን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠርም ጥሩ መለኪያ ነው። ከዘወትሩ በ10 ያህል ጨምሮ ካገኙት ሰውነቱ ጥገናውን አልጨረሰምና የልፋቱን ቀን ወደ ማፍታቻ ይለውጡት። የልብን ምት የሚያዘገይ የግፊት ክኒን የሚወስዱ ግን በዚህ መለኪያ ብቻ አይመሩ።

ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

የጡንቻ መተሳሰር በጥቂት ቀናት ይሻላል። የሚከተሉት ግን በማፍታቻ ቀን የሚድኑ አይደሉም፦ የሚያብጥ ወይም የሚያነክስ መገጣጠሚያ፤ በአንድ ነጥብ ላይ የሚጠዘጥዝና ከቀን ወደ ቀን የሚብስ የአጥንት ሕመም፤ በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረትን ጨምድዶ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፤ ራስን መሳት። ከብዙ ልፋት በኋላ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረና ጡንቻ በጣም ካበጠ ኩላሊት አደጋ ላይ ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። በሙቀት መካከል ሰውነቱ ነዶ የሚቀባዥር ሰው ካያችሁ ደግሞ ጥላ ሥር አስገብታችሁ ውኃ እያፈሰሳችሁና እያራገባችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ለወንድማችን

በመጨረሻ አንድ ቃል በቀጥታ ለአባወራው አለን። ወንድማችን ሆይ፣ ክኒንዎን በገዛ ፈቃድዎ አይተዉ። ስፖርቱ የክኒኑ ረዳት እንጂ ምትኩ አይደለም፤ የመቀነሱም ሆነ የማቆሙ ውሳኔ የሐኪምዎ ነው። ስፖርቱም «አልሆነልኝም» አይበሉ። ያልሆነልዎት በ44 ዓመት የ17 ዓመት ልጅን ሩጫ፣ በጎማ ሥራ ላይ ደርበው፣ በየቀኑ መሮጥ ነው። ይህ ደግሞ ለማንም አይሆንም።

ሰውነታችን በእኛ ላይ ሐቅ እንዳለው፣ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተር ሥራ ተወዳጅ እንደሆነ ከዲናችን ተምረናል። በመጪው እሑድ ከፈጅር በኋላ ጫማዎን ያጥልቁና ከባለቤትዎ ጋር ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። አይሩጡ፤ ዳጉ ያድርሱ። ስፖርቱን እንደገና ሲጀምሩ የመጀመሪያው ቀን የማፍታቻው ቀን ይሁን።

እህታችን ከሁለት ወር በኋላ የግፊቱን ቁጥርና የጉልበቱን ሁኔታ ጽፈው እንዲያሳውቁን እንጠብቃለን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።